የእናቴ መጽሐፍ መድረክ ሲወጣ

የምወዳቸው የሕይወት ታሪኮች የትልልቅ ሰዎች አይደሉም። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ መሬት ላይ ከሚዘረጉት መጻሕፍት የማነሳው የሹፌር፣ የነርስ፣ የመምህር ትዝታ ነው። ትምህርቴን ስላቋረጥኩ የማውቀውን ሁሉ የለቀምኩት ከእነሱ ነው። ጸሐፊው ሐይቅ ዳር ዓሣ በላሁ ካለ፣ ቆሮሶ ይሁን አምባዛ ካልነገረኝ አላምነውም።

ከሁሉም የምወደው ግን የእናቴን ነው። ባቱ ከተማ ለብዙ ዓመታት አስተምራ ጡረታ ስትወጣ በእጇ ጻፈችው፤ እኔ ተየብኩት። ስለ ጋሪ ፈረሶች፣ ስለ ተማሪዎቿ፣ ይበልጡን ግን ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። አብሮት ከተጓዙት አንዱ ጀልባዋ መገልበጧን ተናግሯል፤ እሱን ሲሰጥም ያየ ግን የለም። መጽሐፉም እዚያው ላይ ያበቃል፤ እናቴ ስልክ እየጠበቀች።

እኛ ሰፈር የሰው ሞት በስልክ አይነገርም። የእድር ሽማግሌዎች ንጋት ላይ በር አንኳኩተው ያረዳሉ። መርዶ ሳይመጣ ድንኳን አይተከልም፤ እናትም አታለቅስም። እናቴ አንድ ጊዜ እንዲያረዷት ራሷ ሄዳ ለምናቸው ነበር።

"ሬሳ ሳናይ በልጅሽ ላይ አንፈርድም፣ እህቴ" ብለው መለሷት።

የከተማችን ወጣት ተዋንያን መጽሐፉን ወደ ቴአትር እንድለውጠው ሲጠይቁኝ፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩት። አዘጋጁ አንብቦ፣ "መጨረሻ የለውም" አለ።

"መጽሐፉም የለውም።"

"መጽሐፍ ይታጠፋል፣ ወንድሜ። ተመልካች ግን ተነስቶ ቤቱ መሄድ አለበት። መርዶ ጨምርበት።"

እምቢ አልኩ። ወንድሜ እንደሚመጣ አምን ነበር። ለእናቴ ነገርኳት፤ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"ጨምርበት" አለች ቀና ሳትል። "በቴአትርም ቢሆን አንድ ሰው ይንገረኝ።"

ጻፍኩት።

ሽማግሌ የሚሆን ተዋናይ ስለጠፋ አዘጋጁ የእድራችንን ሽማግሌዎች ለመነ።

"በስተርጅና አክተር ልታደርጉን ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

ከቡልቡላ የመጡት አዛውንት ሳቁባቸው። "ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ለእሱ አዲስ አይደለም። እድር ሲሰበሰብ መቼ ከመድረክ ይወርዳል?"

ድራማ ነው ተብለው እሺ አሉ።

ቴአትሩ የታየ ቀን አዳራሹ በሰፈራችን ሰው ሞላ። እናቴ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ቃል ለሚረሳ ላስታውስ ጽሑፉን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። መጨረሻው ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡና አንኳኩ፤ እናቴን ሆና የምትጫወተው ልጅ በሩን ከፈተች። ሊቀመንበሩ መናገር የነበረባቸው ለእሷ ነው። ዓይናቸው ግን አልፏት ሄደ። ቃላቸውን የረሱ መስሎኝ በሹክሹክታ አቀበልኳቸው። አልሰሙኝም። ደረጃውን ይዘው ወረዱና እናቴ ፊት ቆሙ።

"እህቴ" አሉ። "ልጅሽ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

እኔ የጻፍኩት እንዲያ አልነበረም።

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው ለበሰችው። ከዚያ አለቀሰች፤ ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ተቀበሏት። ተዋናይዋ መድረክ ላይ በሩን እንደያዘች ቀረች። መጋረጃ የዘጋ አልነበረም።

በማግስቱ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች መጡ። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስሙን እየጠራች እንደ ልቧ አለቀሰች። እኔ ለቀስተኛ እያስተናገድኩ፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ሲሉኝ አንገቴን ብቻ እነቀንቅ ነበር።

ድንኳኑ ሲነሳ የወንድሜን ልብሶች ከቁም ሳጥን አውጥታ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለች። የቆዳ ጃኬቱን ለእኔ ዘረጋችልኝ።

"ልበሰው።"

"ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?" አልኳት።

ጃኬቱን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። አጠገቧ አስቀምጣኝ ሁለት እጄን ያዘች።

"ልጄ" አለችኝ፣ "ወንድምህ አርፏል።"