በዕድር ቃሬዛ ወደ ሐኪሞች ቦርድ

ንጋት 12፡00፣ ውቤ በረሃ

ሰዓት እላፊው ከተነሣ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ቡና ቤቶቹ እንደተዘጉ ናቸው፤ አስፋልቱ እርጥብ ነው። ነዳጅ በራሽን ስለሆነ ታክሲ አልተገኘም። ስለዚህ ከዕድር በተዋስነው ቃሬዛ እንሄዳለን። የተኛችበት ዘውድነሽ ናት፤ የሠላሳ ሁለት ዓመት ታይፒስት። በሽታዋ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ ነርቭን የሚጎዳ፣ አንድ ቀን ጥሎ ሌላ ቀን የሚያስነሣ። መሥሪያ ቤቷ ግን «አውቃ ነው» ይላል። ዛሬ የሐኪሞች ቦርድ መታመሟን ካላረጋገጠ ከሥራ ትሰናበታለች።

የምናደርሳት እንደ እሷ ላሉ ሕሙማን የተቋቋመው የሰፈሩ መረዳጃ አባላት ነን። ቢሮም ማኅተምም የለንም። መሪያችን ጡረተኛዋ ነርስ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ማልደን የወጣነው በእሳቸው ትእዛዝ ነው፤ ሙቀት የዘውድነሽን እግር ያዝላል።

12፡35፣ ምኒልክ አደባባይ

ቃሬዛው ለቀብር የሚወጣ ነውና መንገደኛው ባርኔጣ ያወልቃል። አንድ ሽማግሌ ተጠጉን።

«የማን ቀብር ነው ልጆቼ?»

«የእኔ ነው አባባ» አለች ዘውድነሽ ከብርድ ልብሱ ውስጥ፤ «ቀኑ ግን ገና አልተቆረጠም።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አማተቡ።

2፡30፣ ቦርዱ ፊት

ሦስት ሐኪሞች፣ አንድ ጠረጴዛ። ክፍሉ ይበርዳል።

«ጓድ ዘውድነሽ፣ መቆም ይችላሉ?» አሉ ሰብሳቢው።

እትዬ በላይነሽ ክንዷን ያዙ። አስለቀቀቻቸው። ቆመች። ስድስት እርምጃ ሄዳ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል። ከፋሲካ ወዲህ ተራምዳ አታውቅም።

«በቂ ነው» አሉ ሰብሳቢው እየጻፉ።

«ጌታዬ፣ ብርዱ ነው ያቆማት! እባክዎ ከቀትር በኋላ ይዩዋት» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ቦርዱ ከቀትር በኋላ አይቀመጥም።»

ወረቀቱን አነበብኩት፦ «ለሥራ ብቁ ናት።»

6፡10፣ ፒያሳ

ወረቀቱ ማኅተም እስኪመታበት ስንጠብቅ ረፈደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ዘውድነሽ ቃሬዛው ላይ አልተኛም ብላ ጥቂት ሄደች።

«ብቁ የሆነ ሰው ተሸክማችሁ ሰው እንዳይስቅባችሁ» አለች።

ወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት ስንደርስ ጉልበቷ ከዳት፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጥናት። እጇም መያዝ አቃተው፤ ወረቀቱ መሬት ወደቀ።

እትዬ በላይነሽ አጠገቧ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በዚህ በሙቀቱ ሰዓት ነበር ላመጣሽ የሚገባኝ።»

ዘውድነሽ ቀና አለች። «እትዬ፣ ስራመድ ግን አይተውኛል?»

«አይቼሻለሁ፣ ልጄ።»

ቃሬዛውን ዘረጋን።