የጉብኝት ቀን ብርድ ልብስ

በደርግ ጊዜ አዘዞ አጠገብ በነበረ አንድ የአረጋውያን መጠለያ አስታማሚ ነበርኩ። ባለሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ ከዕቃ ቤት አዳዲስ ብርድ ልብስ አውጥተን ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን እናለብሳለን። መኪናው ከግቢ እንደወጣ መልሰን እንገፍፋቸዋለን። ኃላፊያችን ያዘዘው ነው እያልኩ ራሴን እደልል ነበር፤ የሚገፍፉት እጆች ግን የኔው ነበሩ።

አንድ ቀን፣ ስሙ ሲነሳ ጎንደር የሚንቀጠቀጥለት ሽጉጥ የታጠቀ ጓድ መጣ። ከደባርቅ ደጋ ከመጡ፣ በመኝታ ብዛት ጎናቸው ከቆሰለ አንዲት አሮጊት ፊት ቆመና፣ "እናቴ፣ የጎደለ ነገር አለ?" አላቸው።

እሳቸው ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈፉ። በዝግታ አጣጠፉትና ወደ እኔ ዘረጉት።

"እንኪ ልጄ፣ ኋላ ከምትመላለሺ አሁኑኑ ውሰጂው።"

አሮጌ ቀሚሳቸው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ታየ። ኃላፊያችን አመድ መሰለ። ጓዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምንድን ነው የሚሉት?" ብሎ ጮኸብኝ።

"ምነው ልጄ፣ እሷ ላይ ምን ያስጮህሃል?" አሉት። ያን ሰው የሚቆጣ ፍጡር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም። ድምፃቸው ከፍ እንኳ አላለም። "እሷ የታዘዘችውን ነው። ቁስሌን የምታጥብልኝም እሷው ናት።"

ካጠብኩላቸው ሳምንት አልፎ ነበር።