ከዝርዝሩ ላይ የቀየርኩት አንድ መስመር

በ2010 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን፣ ጁባ ውስጥ አንድ አዲስ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ለእኔ የዕለት እንጀራዬ ነው። ይኼኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው እንዳይነሳ ያደረግኩት እኔው ስለሆንኩ ነው።

ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ከሱቄ አለፍ ብሎ መቅደስ የምትባል የአገሬ ልጅ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ ነበራት። የሐበሻውንም የአገሬውንም ሠርግ የምትቀርጸው እሷ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሯን ከእኔ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ባለትዳር ናት፣ ባሏም ወዳጄ ነው። ብቻ አንድ ነገር ሲበላሽባት "ደሬን ጥሩት" ስትል መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ናትናኤል መጣ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአዲስ አበባ በኮንትራት ያመጣው የአይቲ ባለሙያ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ቁጥብ። በሳምንቱ መቅደስ "ናቲ" ማለት ጀመረች። እኔን "ደሬ" ለማለት ዓመት ፈጅቶባታል። እሱ ደግሞ "ጋሽ ደረጀ" ይለኛል፤ ገና አርባ እንኳ አልሞላኝም እኮ።

የመቅደስ ኮምፒውተር አርጅቶ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ለመጨረስ ከሳምንት በላይ ይንፏቀቅ ነበር። አዲስ ለማስገጣጠም ስትወስን የዕቃዎቹን ዝርዝር ያጻፈችው ናቲን ነው። ለእኔ የተረፈኝ ዝርዝሩን ዱባይ ለምትነግደው እህቷ በስልክ ጽፎ መላክ ነበር። "አንተ የዕቃ ስም አትሳሳትም" አለችኝ። እንደ ምስጋና ልወስደው አልቻልኩም፤ የናቲ ጸሐፊ የሆንኩ መሰለኝ።

ወረቀቱን ሱቄ ወስጄ ስህተት ስፈልግበት ዋልኩ። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛው ትውልድ ነው፤ በጊዜው ገና መውጣቱ ነበር። ማዘርቦርዱም አብሮት የወጣ ውድ ዓይነት ነው። የፕሮሰሰሩን መቀመጫ ቁጥር ሳየው ግን፣ ያለፈው ዓመት ቦርዶች ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። እኔ ስሠራ የኖርኩት ቁጥሩ ከገጠመ ዕቃው ይገጥማል ብዬ ነው። ልጁ ሊራቀቅብን ፈልጎ ነው አልኩና ማንንም ሳልጠይቅ የቦርዱን መስመር በአሮጌው ቀይሬ ላክሁት።

ለመቅደስ አልነገርኳትም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ናቲም ባለበት፣ "ያ ውድ ቦርድ እኮ አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ነኝ የቀየርኩት" ልል ነበር ያሰብኩት። ብቻዬን ስሆን ንግግሩን እለማመደው ነበር።

ዕቃው በአንዲት መንገደኛ ሻንጣ መጣ። እንዲህ የመጣ ዕቃ ባይሠራ መመለሻ የለውም፤ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ወራት ይፈጃል። ስቱዲዮዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገጣጠምኩት። ፕሮሰሰሩ መቀመጫው ላይ ልክክ አለ። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ሚሞሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ ገመድ ቀያየርኩ፣ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ገጠምኩ። ወይ ፍንክች።

በዚያው መሃል ኒምራ ታላታ ከሚባለው ሰፈር አንድ አባት መጣ። የልጁን የሠርግ ቪዲዮ ለመውሰድ ስንት ቀን ተመላልሷል፤ ሙሽሮቹ በሳምንቱ ወደ ካምፓላ ሊሄዱ ነው። መቅደስ "ቡክራ" ስትለው፣ ነገ ነገ መባል እንደሰለቸውና ለሚያውቀው ሁሉ እንደሚናገር ነግሯት ወጣ። የሠርግ ሥራ የሚገኘው በሰው ወሬ ነው። አንድ ቤተሰብ ከተቀየማት ሰፈሩ በሙሉ እንደሚሸሻት ገብቷት እንባዋ መጣ።

ስልኳን አንስታ ናትናኤል ላይ ወረደችበት። ዝርዝሩን የጻፈው እሱ ነዋ። አጉል አዋቂ፣ ሰው አክሳሪ፣ ያላለችው የለም። አጠገቧ ቆሜያለሁ። መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ።

ናትናኤል ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ በቦዳቦዳ ሞተርሳይክል እየበረረ መጣ። ጎንበስ ብሎ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ዝርዝሩን የላክሁት እኔ መሆኔን ያውቃል።

ወደ መቅደስ ዞረና "ስህተቱ የእኔ ነው፤ ተቻኩዬ ነው የጻፍኩት" አላት።

መቀመጫው አንድ ቢሆንም ያ ቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር እንደማያውቀው፣ የሚሠራው ካለፈው ዓመቱ ጋር እንደሆነ በእርጋታ አስረዳት። ቤቱ ሄዶ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ያለፈውን ዓመት ፕሮሰሰር ነቅሎ አመጣና ገጠመላት። ስክሪኑ በራ። አዲሱን በምትኩ ወሰደ፤ ለእሱ የሚሆን ቦርድ እስኪያገኝ ግን የራሱ ኮምፒውተር ተዘግቶ ሊቀመጥ ነው። የኒምራ ታላታው ቪዲዮ ሙሽሮቹ ሳይሄዱ ደረሰ።

ያን ዕለት ስሸኘው ለምን እንዳላጋለጠኝ ጠየቅኩት።

"ጋሽ ደረጀ፣ እኔ ኮንትራቴ ሲያልቅ እሄዳለሁ። አንተ እዚህ የምትበላው በስምህ ነው" አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ አላጣም።

ናቲ በዓመቱ መጨረሻ ሄደ። መቅደስም ኋላ አገሯ ገባች። ጁባ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ግን ደንበኛ ፊት "እነዚህ የቢሮ ልጆች ወረቀት ብቻ ናቸው፤ እንደ ደሬ የሚሆን የለም" ትል ነበር። በሰማሁት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ትሕትና ይመስላት ነበር።

በዚያ ልጅ እስከ ዛሬ እቀናለሁ። አሁን የሚያስቀናኝ ግን የኮምፒውተር እውቀቱ አይደለም።

መቅደስ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ዝርዝሩ ልክ ነበር። የቦርዱን መስመር የቀየርኩት እኔ ነኝ። የናቲ ስልክ ቁጥር አንቺ ጋ አለ። እባክሽ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ እኔ አቅቶኛል።