ፋብሪካ እንዳወጣት

ነገሩ በጠቅላላው አርባ አንድ ሺህ ዶላር፣ የአራት ዓመት እሑድ እና አንድ አበልጅ ፈጀብኝ። ቁጥሩን ከፊት ያስቀመጥኩት ለመምጣት ሻንጣ እያሰራችሁ ያላችሁ ከመጀመሪያው እንድታውቁት ነው፤ እኛ እዚህ ያለነው ስልክ ስንደውልላችሁ የምናወራው ስለ ትርፉ ብቻ ነውና።

ሶማሌ ተራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና መለዋወጫ ሸጫለሁ። አንዲት ቺንጊያ ስገዛ እንኳ ከላስቲኳ አውጥቼ፣ አሽትቼ፣ ጠምዝዤ ነው። ይህን የምነግራችሁ የተታለልኩት ዓይኔ ስላልተከፈተ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ ነው።

ዲቪው የደረሰው ለባለቤቴ ለሰናይት ነው። የምንበርበት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በሸኚ ተሞልቶ፣ የእኔን ሻንጣ ልታነሳ ብትል አልነሳ አላት። ከፈተችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ካርቡራተር።»

«ሰው በርበሬ ይዞ ይሄዳል፣ ሽሮ ይዞ ይሄዳል።»

«በርበሬ እዚያም አለ። ይሄ የለም።»

ካርቡራተሩ ሱቁን ከተረከብኳቸው ከድሮው ጌታዬ መደርደሪያ የቀረ ነው። ትልልቅ የአሜሪካ መኪና አዲስ አበባን ይዞር በነበረበት ዘመን መጥቶ፣ ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ጠያቂ ሳያገኝ የተቀመጠ። ዋጋውን የነገረኝ ደምሰው ነው። ደምሰው ሶማሌ ተራ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ነበር፤ ሚስቱ ጽጌ ልጃችንን ክርስትና አንስታለች፤ ከእኛ ስምንት ዓመት ቀድመው ሲያትል ገብተዋል። «እዚህ አገር» አለኝ በስልክ፣ «የስልሳዎቹን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ልክ ፋብሪካ እንዳወጣት አድርገው እያደሱ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። ብሎኗ እንኳ የዚያን ጊዜዋ መሆን አለባት። ካርቶኑ ያልተከፈተ ዕቃ ያለው ሰው ንጉሥ ነው።»

የሲያትሉ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩኩ ሰው ካርቶኑን አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄን ምን ልታደርገው አመጣኸው?»

«የእናንተ ነው፤ እየመለስኩላችሁ ነው» አልኩት። ደምሰው ለጉምሩክ በል ብሎ በስልክ ያስጠናኝ እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ሰናይት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሰውዬው ስቆ አሳለፈኝ። ያን ጊዜ አሜሪካ የምትመች አገር መሰለችኝ።

የሲያትል ዳርቻ በሆነችው በቡሪየን፣ በደምሰው ምድር ቤት አራት ወር ተቀመጥን። ጽጌ ጠዋት ጠዋት ቁርስ ታወርድልናለች፤ አውሮፕላኑ ከጣሪያው በላይ ሲያልፍ ሲኒው ይንቀጠቀጣል። ዝናቡ እንደኛ ሐምሌ መጥቶ፣ ጮሆ፣ ሲበቃው የሚሄድ አይደለም፤ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ይከርማል። እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ የኪራይ መኪና ማጠብ ጀመርኩ። ሱቁን ሸጬ ያመጣሁት ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፤ ከሰናይት ጋር የተነጋገርነው ሾርላይን በሚባለው ሰፈር ለምንገዛው ቤት ቅድሚያ ክፍያ እንዲሆን ነው። እዚያ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ብለዋታል።

መኪናዋን ያገኘናት ከሲያትል ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ፣ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ጓሮ ነው። የስልሳ ዘጠኝ ሞዴል ናት። ስሟን አልጠራውም፣ አሁንም ያመኛል። እሾሃም ሐረግ በመስኮት ገብቶ በኮፈኑ ወጥቶባታል። እንግሊዝኛዬ ለክርክር ስለማይበቃ ዝም ብዬ ዞርኳት። ጎንበስ አልኩ፣ ላሜራውን ቧጠጥኩ፣ ከንፈሬን መጠጥኩ። ዝም ባልኩ ቁጥር ሴትዮዋ ቀነሱ። ከሃያ ሁለት ሺህ ተነስተው አሥራ አራት ሲደርሱ ደምሰው በጎን «በቃ፣ አታስለቅሳቸው» አለኝ።

ስምምነታችን አጭር ነበር። ገንዘቡ ከእኔ፣ ያው ለቤቱ ካስቀመጥነው፤ ጋራዡ ከእሱ፣ እጅ ከሁለታችን። ስትሸጥ መጀመሪያ የእኔ ገንዘብ ይመለሳል፣ ትርፉ እኩል። ወረቀት አልጻፍንም። አበልጅን ፈርምልኝ ማለት አላምንህም ብሎ ፊት ለፊት መስደብ ነው፤ ሰናይትም ብትሆን ያን ጊዜ «ፈርም በለው» ብትለኝ እቆጣት ነበር።

መኪናዋን ልናስመዘግብ ስንሄድ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ጠየቀች፣ «ባለቤቱ አንድ ሰው ነው ሁለት?»

«አንድ» አላት ደምሰው። ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «አንተ ገና አዲስ ነህ፣ የኢንሹራንስ ሪከርድ የለህም፤ ሁለት ስም ከገባ ይወደድብናል» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ይወደዳል። ቺንጊያ የሚያሸተው ሰውዬ፣ ማለት እኔ፣ የደምሰው ስም ብቻ ሲጻፍ ተራ ቁጥሩን እንደያዘ እዚያው ቆሞ ነበር።

ከዚያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋራዥ ነው። ደምሰው ፎቶ ያስነሳኛል። ለውድድር የምትቀርብ መኪና ከዝገቷ ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራዋ ፎቶ ተነስቶ በአልበም ካልቀረበ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። «የአንተ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ አንተ አንሳ» ይለኛል። እኔ የመኪናዋን አጥንት፣ ሻንሲውን፣ ቧጭሬ፣ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ ራሱ ላይ የተቀረጸውን ምልክት አይቼ ለይቼ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ ስልኬን አወጣለሁ፤ እሱ መፍቻውን ይይዝና ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። ሰው በሥራው ሲኮራ ደስ ይለኛል፤ ወደ ስምንት መቶ ፎቶ አነሳሁት።

የመጀመሪያው ውድድር ላይ ሁለታችንንም ያዋረድኩት እኔ ነኝ። ዳኛው ሽበታም ሰውዬ ናቸው፤ ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረች መስታወት ይዘው ከመኪናዋ ሥር ገቡ።

«እዚህ ጋ ቀለሙ መንጠባጠብ ነበረበት» አሉ።

«ተንጠባጥቦ ነበር። እኔ አጸዳሁት።»

«ለምን?»

«ያስጠላል።»

«ፋብሪካው ሲያወጣትም ያስጠላ ነበር» አሉና ነጥብ ቀነሱ። ትንሽ ቆይተው፣ «በጠመኔ የተጻፈው የሠራተኛው ምልክትስ?»

«ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት።»

ሌላ ነጥብ። ሶማሌ ተራ አሮጌውን አዲስ የሚያስመስል ሰው ነው እንጀራ የሚበላው። እዚህ የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ የቸኮለ ሠራተኛ ያበላሸውን፣ እንዳበላሸው አድርጎ መልሶ የሚያበላሽ ነው የሚሸለመው። ዓመት ሙሉ ካርቶን ላይ ቀለም ማንጠባጠብ ተለማመድኩ። ሰናይት ለእህቷ በስልክ፣ «ደህና ነው፣ ያንጠባጥባል» ስትላት ሰማሁ።

ሁለተኛው ውድድር ላይ እኒያው ዳኛ መጡ። ሥሯን አዩ፣ ነጥብ አልቀነሱም። ኮፈኑን ሲከፍቱ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ቁጥር አነበቡና መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ። «ከካርቶኑ አዲስ የወጣ? ይሄን ከየት አገኛችሁት?»

«ከኢትዮጵያ አስመጣሁት» አለ ደምሰው።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አስመጪው እሱ ከሆነ እኔ ሻንጣው ነኝ ማለት ነው። መኪና ውስጥ ስንገባ ጠየቅኩት፤ «ሰውዬው እንግሊዝኛው ፈጣን ስለሆነ ነው፣ ሎንግ ስቶሪ እንዳይሆንብን» አለኝ። የወርቅ ሽልማቱን ስላገኘን ዝም አልኩ። ዋጋ የሚያስቀንሰው ዝምታ ዋጋ እንደሚያስከፍልም ያኔ አልገባኝም።

ደምሰው ጋራዡ እርጥበት አለው ብሎ ደረቅ መጋዘን ተከራየላት። በሁለተኛው ወር ባትሪዋን ቻርጅ ላደርግ ሄድኩ። ቦታዋ ባዶ ነው። ዘበኛውን ጠየቅኩት።

«ሄደች» አለኝ።

«የት?»

«ቴክሳስ። ተሽጣ በትራክ ተጫነች። ባለቤቱ ፈርሟል።»

«ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ።»

ኮምፒዩተሩን አየ። «አይደለህም» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ አሜሪካኖች እንዲህ ያለውንም ነገር በፈገግታ ነው የሚነግሩህ።

እዚያው ቆሜ ለደምሰው ደወልኩ። «ሽፌ፣ ድራይቭ እያደረግኩ ነው፣ ኮል ባክ አደርግሃለሁ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ድራይቭ ሲያደርግ ከረመ።

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በነፃ ነው። «ወረቀት አለህ?» አለኝ።

«አበልጄ ነው» አልኩት። አስተርጓሚዋ እንደምንም ተረጎመችለት።

«እሱ ምን ዓይነት ሰነድ ነው?» ብሎ ብዕሩን አነሳ።

መጨረሻ ላይ ነገሩ ሽማግሌ እጅ ገባ። ከሽማግሌዎቹ ታላቅ በሆኑት በጋሽ ታምራት ቤት፣ ሾርላይን፣ ሦስቱ ተቀመጡ። እኔ የተጠየቅኩትን ሁሉ ተናገርኩ፤ የሱቁን ገንዘብ፣ ስምምነቱን፣ እሑዶቹን። ደምሰው አልበሙን ይዞ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እዩት አባቶቼ፣ ከዝገቷ ጀምሮ ነው። ሽፈራው አንዱ ላይ ካለ አሳዩኝ። አልመጣም አልልም፣ ይመጣ ነበር። ፎቶ ሲያነሳ ጎበዝ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ገለጡ። ደምሰው ሻንሲ ሲቧጭር፣ ደምሰው ብሎን ሲፈታ፣ ደምሰው ቀለም ሲረጭ።

«ገንዘቡንስ?» አሉት ጋሽ ታምራት።

«ሰጥቶኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ፤ ሦስት ሆነው አራት ወር ምድር ቤቴ ተቀመጡ። ኪራይ አልጠየቅኩ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ከዚያም በኋላ አራት ዓመት እሑድ እሑድ ምሳ እኔ ቤት ነው። እሱን ሁሉ አስቤ ነው የሽያጩን ገንዘብ የያዝኩት።»

ለአበልጅ የቀረበ ምሳ ዋጋ ሲወጣለት በሕይወቴ ያን ቀን አየሁ። ጽጌ ጥግ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። 

ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው አንዱን ፎቶ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እዚህ ፓራውልቱ ውስጥ ያለው ማነው?»

ሁሉም አጎነበሱ። ኒኬል የተነከረው ፓራውልት፣ የፊት መከላከያዋ፣ እንደ መስታወት ነው። ውስጡ ጭንቅላቱ እንደ ሽንኩርት የተለጠጠ፣ የተንበረከከ፣ እስከ ክርኑ በግራሶ የጠቆረ ሰው ስልክ ደግኗል። ከኋላው መሬት ላይ የተፈታ ብሎን በጨርቅ ላይ ተደርድሯል።

«እሱ ነው» አለ ደምሰው ቀስ ብሎ።

ገጹን ገለጡ። የመብራቱ ቀለበት ውስጥ እኔ አለሁ። ገለጡ። የጎማው ክዳን ውስጥ አለሁ፣ እጄ በፋሻ ታስሮ። የደምሰው እጅ ግን በሁሉም ላይ ንጹሕ ነው። ጋሽ ታምራት ያችን ንጹሕ እጅ በጣታቸው እየነኩ ስድስት ሰባት ገጽ ሄዱ፤ እኔም በቃ ነገሩ ተፈታ አልኩ።

አልበሙን ዘጉት።

«ሽፈራው፣ ልጄ፣ እውነቱን ዓይናችን አይቷል» አሉኝ። «ግን አበልጅ ናችሁ። በመካከላችሁ ክርስትና አለ። ፍርድ ቤት ብትካሰሱ የሀበሻ ስም ነው የሚነሳው። ዘጠኝ ሺህ ዶላር ይስጥህ። አንተም ይቅር በለው።»

«ጋሼ፣ እውነቱን ካዩት...»

«አይተናል አልኩህ እኮ። ስላየን ነው ዘጠኝ ያልነው። ባናይ ሦስት ልንል ነበር።»

ሌሎቹ ሁለቱ አንገታቸውን ነቀነቁ። ደምሰው ተነስቶ እጁን ዘረጋ። ሦስት ሽማግሌ ቆመው እያዩኝ ነው፤ እምቢ ብል ከዚያ ቤት የምወጣው በዳይ ሆኜ ነው። ተሳሳምን። ጽጌ አለቀሰች። ምሳ ቀረበ፣ እኔ አልበላሁም፤ ማን እንደሚቆጥረው አላውቅማ።

ቤት ስገባ ልጄ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ጽጌ አሁንም የክርስትና እናቴ ናት ወይ ብላ። ናት አልኳት፣ እሱ አይሻርም። ሰናይት ስለ ሾርላይኑ ቤት አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ትላንት እህቷ ከአዲስ አበባ ደውላ «ቤቱ እንዴት ሆነ?» ስትላት፣ «እያየን ነው» ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም እያየን ነው አልኳት።

ደምሰው ዘጠኙን ሺህ በሦስት ጊዜ ከፍሎ ጨርሷል። ያወጣሁት ለመግዣዋ አሥራ አራት፣ ለዕቃና ለቀለም ሃያ ሰባት፣ በድምሩ አርባ አንድ ሺህ ነው። የቀረው ሠላሳ ሁለት ሺህ ዶላር ኪሳራ ነው።