ላስቲክ የለበሰው ሃምሳ ሩፒ

የትናየት መተማ ዮሐንስ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤቷ ወረቀቱን በሁለት ላስቲክ መሃል አስተካክላ ወደ ማሽኑ አፍ አስጠጋችው። ማሽኑ ጎትቶ ዋጠው። ደረበ በመውጫው በኩል ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ልጅ ሊያዋልዱ ነው እንዴ ጋሼ ደረበ? እጅዎን ይሰብስቡ፣ ይፋጃል።»

«አንች ብቻ እንዳታጣሚብኝ።»

ወረቀቱ ትኩስ ሆኖ ወጣ። በላዩ የታተመው ሪዛም የጀርመን ንጉሥ ያብረቀርቅ ጀመር። ደረበ ሠላሳ ብር ከፈለ። ዕለቱ ግንቦት ሃያ ሰባት ነበር።

ደረበ የወሎ ሰው ነው። አንድ ወር ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ ብሎ መተማ አጠገብ ወዳለችው ኮኪት ወረደና አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ያረመውም ያጨደውም ሁሉ የሰው ነው። ዘንድሮ ግን ዘሩ የሚባል ባለመሬት አምስት ሄክታር ሊያከራየው ተስማምቷል። ዋጋው ሰማንያ ሺህ ብር፣ ቀኑ እስከ ግንቦት ሠላሳ። ካለፈ ለሌላ ሰው ነው።

ደረበ ሰማንያ ሺህ ብር የለውም። ያለው ይህ ወረቀት ነው። የሰጠው ፈሀድ ነው፤ ጦርነቱን ሸሽቶ ከካርቱም የመጣ፣ በደረበ ጎጆ አራት ወር የተቀመጠ መካኒክ። ፈሀድ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል ከቁርኣኑ ገጾች መሃል አወጣው። ቅድመ አያቱ በምሥራቅ አፍሪካ ለጀርመኖች ወታደር በነበረ ጊዜ የተከፈለው ሃምሳ ሩፒ ነው።

«ፉሉስ ነው» አለው፣ ገንዘብ ማለቱ ነው፤ «ግን የሞተ ፉሉስ።»

ኮኪት የሚያስተምረው ሰርክአዲስ የወረቀቱን ፎቶ አሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀው። በማግሥቱ አንዱአምላክ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። የጀርመን አሮጌ ኖት አብዛኛው ርካሽ መሆኑን ነገራቸው። በ1923 እ.ኤ.አ. የወጡት፣ ሚሊዮን የተጻፈባቸው፣ በገፍ ስለታተሙ ብዙዎቹ ከምሳ ዋጋ አያልፉም። ይሄኛው ግን የቅኝ ግዛታቸው ገንዘብ ነው፤ የቀረው ጥቂት ነው፣ እጥፋቱም አንድ ብቻ። ዘጠና ሺህ እሰጣለሁ አለ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ጨመረበት፦

«ላብ እንዳይነካው ላስቲክ ውስጥ ክተተው።»

ሰውየው ስስ ከረጢት ማለቱ ነበር። ቆላ የሚሠራ ሰው ግን ላስቲክ ሲባል የሚያውቀው ሌላ ነው። ኪስ ውስጥ የከረመ መታወቂያ በላብና በዝናብ ይበሰብሳል። ስለዚህ መተማ ዮሐንስ ይወሰድና በማሽን ላስቲክ ይለብሳል። የደረበ መታወቂያ እንደዚያ ነው፤ የእናቱ ፎቶም እንደዚያ ነው።

ደረበ እንደታዘዘው ማድረጉን ለገዢው ሊያሳይ ፈለገ፤ ስልኩ ግን ፎቶ አያነሳም። የትናየት በራሷ ስልክ አንስታ ለገዢው ላከችለት። አንዱአምላክ ወዲያው ደወለ። ድምፁን ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍ አደረገችው።

«ማነው ይሄን የጠበሰው?»

«ላስቲክ ክተተው አሉኝ፣ ከተትኩት» አለ ደረበ።

«ከረጢት ውስጥ ማለቴ ነው እንጂ!»

«ከረጢት አላሉም። ላስቲክ ነው ያሉ።»

አንዱአምላክ አስረዳ፦ ሰብሳቢ የሚገዛው ወረቀቱን ነው። በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ብርሃን ላይ ይዞ ያየዋል። ሙጫ ከገባበት ሥዕል እንጂ ገንዘብ አይደለም። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ግን አራት ሺህ ብር እሰጣለሁ አለ።

«በቤንዚን ይላቀቃል ይላሉ» አለች የትናየት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልሞክረው ጋሼ?»

ሰውየው ሰማት። «እንዳትነኩት! ከነካችሁት አራት ሺውም የለም።»

የትናየት ሠላሳ ብሩን ከመሳቢያዋ አውጥታ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ያንችማ ሥራ ምን ይወጣለታል» አለ። «ቀጥ አርገሽ ነው ያወጣሽው።»

ከሰዓት በኋላ ኮኪት ተመልሶ ዘሩን አገኘው። አራት ሺውን ቀብድ እንዲይዝለት፣ ቀሪውን ከምርቱ እንዲወስድ ጠየቀው።

«አራት ሺህ?» አለ ዘሩ። «አያ ደረበ፣ በዚህማ የማሳውን ጠርዝ ነው የማከራይህ። ቁመህ ታየዋለህ።»

«ተው እንጂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ታውቀኛለህ።»

«ስለማውቅህማ ነው እስከ ሠላሳ የጠበቅሁህ።»

ሰኔ ሁለት ቀን ዘሩ አምስቱን ሄክታር አዛናው ለሚባል ሰው አከራየ። በጥቅምት ደረበ እዚያው ማሳ ላይ በቀን ክፍያ ሰሊጥ አጨደ።