እኔን የሚል የሌለበት ካርቱን

የሕፃናቱ ክፍል አይዘጋም ተባለ። ወሬውን ያመጣችልኝ እናቴ ናት። ከመጋዘን ተመልሳ በር ላይ ተቀምጣ ከሻሿ ላይ የቡና ገለባ እያራገፈች፣ «ጽሑፍሽን የቸርቹ ሽማግሌዎች ፊት አነበቡት አሉ። ተስማምተዋል» አለችኝ፣ እንደ ዋዛ። እኔ ጓሮ ሄጄ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ተመልሼ ተኛሁ፤ በጣም ደክሞኝ ነበር። ድካሙ ከካርቱን የመጣ ነው ብል ማን ያምነኛል።

እናቴና የሰፈራችን ሴቶች እዚህ ዲላ መጋዘን ውስጥ ቡና ይለቅማሉ፤ ብልሹውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። አቧራው ለሕፃን አይሆንም። ስለዚህ ልጆቻቸው ቸርች ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ይውላሉ፤ የአራት ዓመቷ እህቴም እዚያው ናት። ጠባቂያቸው አንዲት እትዬ ብቻ ናቸው። ምሳ የሚያሞቁትም፣ አፍንጫ የሚጠርጉትም እሳቸው ስለሆኑ የቀረውን ቴሌቪዥኑ ይይዝላቸዋል። ፍላሽ ይሰካል፤ ድመት በመጥበሻ ይመታል፣ ሰውዬ ከጣራ ይወድቃል፣ ልጆቹ ይንከተከታሉ።

አንድ ቀን ጎረቤት እንሰት ሲፋቅ ዋለ። ልጆቹ የሚያዳልጠውን ልጣጭ ሰብስበው የክፍሉ በር ላይ ዘረጉና ከግድግዳው ኋላ ተደበቁ። መጀመሪያ የመጡት ከቸርቹ ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው። ወደቁ። ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያም ጠበቁ። እህቴ ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ ተነሳ እንጂ። ድመቱ እኮ ቶሎ ይነሳል» አለቻቸው።

አልተነሱም። ሰው ደግፎ ባጃጅ ውስጥ አስገባቸው። ወገባቸው ነው የተጎዳው።

ሽማግሌዎቹ «ቴሌቪዥኑ ይውጣ» አሉ። እትዬ ደግሞ፣ «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ። ይሄን ሁሉ ነፍስ ብቻዬን በምን ላቆየው?» አሉ። ክፍሉ ተዘጋ ማለት እናቴ ሥራዋን ተወች ማለት ነው፤ ቤታችን ደግሞ ሌላ ገቢ የለውም። ያዳኑን የወደቁት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። በከዘራ እየተደገፉ መጥተው፣ «የጌዴኦ አባቶች ሶንጎ ላይ ለሽምግልና ሲቀመጡ ሳይሰሙ አይፈርዱም። ያቺ መጻፍ የምትወደዋ ልጅ ቪዲዮዎቹን ትይና የሚሆነውንና የማይሆነውን ጽፋ ታምጣልን» አሉ።

እኔን ነው።

ጠዋት እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ አያለሁ። መምታት፣ መውደቅ፣ መጨፍለቅ፣ እንደገና መምታት። ሁሉንም ልከልክል ብል ፍላሹ ባዶ ይቀራል። ሁሉንም ላሳልፍ ብል የጋሼ ወገብ አለ። ጓደኛዬ «ሙድ አትያዢብኝ፤ ካርቱን እያየ የሚደክመው ሰው የት አለ?» ስትለኝ፣ «ነይና ሞክሪ» አልኳት። መጣች። ትንሽ ቆይታ ራሷን ይዛ ወጣች።

አንድ ከሰዓት ዓይኔ ሊከደን ሲል ድመቱ ከደረጃ ተንከባለለ። ሳላስበው «እኔን» አልኩ፤ መንገድ ላይ ሰው ሲደናቀፍ እንደምንለው።

እህቴ ዞራ አየችኝ። «ድመቱን ነው?»

«አዎ።»

«አሞታል?»

«ወድቆ የማያመው አለ?»

ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ድመቱ ዳግመኛ ሲወድቅ «እኔን» አለች፤ ከኋላ ያሉትም ተቀበሏት። ሳቁን አልተዉትም። እየሳቁ እኔን ይላሉ።

እኛ ዘንድ ሰው ወድቆ እኔን የሚለው አያጣም፤ የማያውቀው መንገደኛ እንኳ ይለዋል። ካርቱን ውስጥ ግን ማንም አይልም። ጋሼ መሬት ላይ ተዘርግተው ሳሉ ከልጆቹ አንዱም እኔን ያላለው ለካ ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ማየት ጀመርኩ። አንዳንዱ ቪዲዮ ላይ ወዳቂው ቁጭ ብሎ ራሱን ያሻል፣ ይነፋረቃል፤ ለአንድ እኔን የሚበቃ ፋታ አለ። እነዚያን አሳለፍኳቸው። አንዳንዱ ግን ፋታ አይሰጥም። ልጆቹ እኔን ብለው ሳይጨርሱ ሌላ መዶሻ ይወርዳል። ትንሽ ይሞክራሉ፣ ከዚያ ይደክማቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ማየት ብቻ ይሆናል፣ ሳቁም ይጠፋል። እነዚያን ከፍላሹ አጠፋኋቸው። ልክ ነኝ ወይ ብትሉኝ እርግጠኛ አይደለሁም። ለአንዱ ልጅ ጨዋታ የሆነው ሌላውን ሊያስፈራው ይችላል። ብቻ ያየሁትን ጻፍኩ። እንዲህ ብዬ ጽፌ ሰው ሲያነብልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲስማሙ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ልጆቹ ብቻቸውን አያዩም፣ አጠገባቸው ትልቅ ሰው ይቀመጣል። ሰው ከጠፋ ክፍሉ ይዘጋል። በማግስቱ ጋሼን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው።

«አንቺ፣ ወገቤን ጽሑፍ አደረግሽው አሉ።»

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ግድ የለም። የሚቀመጥ ሰው ግን ፈልጊ።»

እየፈለግሁ ነው። እኔ ጠዋት ትምህርት ቤት ነኝ፤ እትዬም ከምድጃው አይርቁም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የዲላ ሰዎች፣ ጡረተኛም ሁኑ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የየትኛውም ቸርች ወይም መስጊድ ሰው፣ አንድ ጠዋት ጎራ በሉልን። ወንበሮቹ የሕፃን ስለሆኑ ጉልበታችሁ አገጫችሁ ድረስ ይመጣል፤ ታገሱት። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ ከራሳችሁ ልጆች አጠገብ ተቀመጡና አብራችሁ እዩ።