በሩ ዝግ፣ ነጥቡ ሙሉ

ሰፈርተኛው «ጠያቂዋ» ይላታል። እንጀራዋ መጠየቅ ነው። የአገሪቱ ተቋማት ዕውቀትን ምን ያህል እንደሚያግዙ የሚለካ መሥሪያ ቤት ቀጥሯት፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን እየዞረች ነጥብ ትሞላለች። ትዳር ሞክራ አልሆነላትም። ከአባቷ ጋር ትኖራለች።

አባቷ ዕድሜያቸውን የፈጁት በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ነው። ጣሪያው አፈሰሰ ተብሎ ከተዘጋ ወዲህ፣ ማታ ስትገባ የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው።

«ዛሬስ አልተከፈተም?»

«አልተከፈተም፣ አባባ።»

«እንኳን ጣሪያ፣ የኖኅ መርከብም ተሠርታ አልቃለች!»

ዘንድሮ ያ ወረዳ የእሷ ድርሻ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ስትደርስ ዘበኛው በተዘጋው በር ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ውስጡ እንዴት ነው?» አለችው።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔ የምጠብቀው በሩን ነው።»

አለቃዋ ጋ ደወለች። «ዝግ ነው። ምን ልሙላ?»

«ታፔላ አለው?»

«አለው።»

«ዘበኛስ?»

«አለው።»

«እንግዲያው አለ። መመሪያው መኖሩን እንጂ መከፈቱን አይጠይቅም። እህቴ፣ ለሌለ ነገር ዘበኛ ቀጠርን ልትዪ ነው?» ሳቀ።

የቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ በጀት የሚሰጠው «የለም» ለተባለበት ወረዳ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ውሏ የሚታደስበት ጊዜ መድረሱንም ታውቃለች፤ የአባቷ መድኃኒት የሚገዛው ከደመወዟ ነው። «አለ» ብላ ሞላች።

ውጤቱ በሬዲዮ ተነገረ። የአገሪቱ ደረጃ ከፍ ብሏል። ቤተ መጻሕፍት አላቸው ተብለው ከተጠሩት ወረዳዎች አንዱ የእነሱ ነው። ዕቃ እያጠበች ነበር። ዞር ስትል አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ጫማቸውን ያስራሉ።

«ወዴት ነው፣ አባባ?»

«አልሰማሽም? አለ አሉ እኮ! ከፍተውት ዝም አልሽኝ? አንቺ ድብቅ!»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የትኛውን መደርደሪያ ቀድመው እንደሚያዩ ሲያወሩላት ሄዱ።

ዘበኛው ሲያያቸው ብድግ አለ። አባቷ ጓጉንቸሩን ዳሰሱት፤ ዝገቱ ጣታቸው ላይ ቀረ።

«ሬዲዮው ዋሸ?»

«ሬዲዮው የሰጡትን ነው ያነበበው» አለች ልጃቸው።

«ማነው የሰጠው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም። ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዳቸውን አልሰጧትም።

አሁን ማታ ስትገባ ራታቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን ውጠው ተኝተው ታገኛቸዋለች። «ዛሬስ?» የሚላት የለም።